በአንድ እግር ወደ ዲዝኒላንድ

ሰው ሩቅ አገር ለመሄድ ሲነሣ ጓዙን አስቀድሞ ያሰናዳል። እኔ ግን ባለፈው ክረምት ወደ ሎስ አንጀለስ ስነሣ ያላሰናዳሁት አንድ ጓዝ ተጨመረብኝ፤ ይኸውም ከቀኝ ጉልበቴ ሥር ጀምሮ እስከ እግሬ ጣቶች ድረስ የታሰረው ጀሶ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በማስተምርበት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሰኔ ፈተና ካለቀ በኋላ መምህራንና ተማሪዎች ኳስ የሚጋጠሙበት ልማድ አለ። እኔም በሃያ ስድስት ዓመት ዕድሜዬ ራሴን ከመምህራኑ ይልቅ ከተማሪዎቹ ወገን ስለምቈጥር፣ አንዱን የዐሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ አታልዬ አልፋለሁ ብዬ ስሮጥ እግሬ ከጉድጓድ ገባ። የተሰማው ድምፅ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር የሚሰማውን ይመስላል። ቁርጭምጭሚቴ ሁለት ቦታ ላይ ተሰንጥቆ ተገኘ። እናቴ ወጌሻ ካላየው ብላ ተማጸነች፤ ሐኪሙ ደግሞ ማንም እንዳይነካውና ለስድስት ሳምንት መሬት እንዳልረግጥበት አስጠነቀቀኝ። ከሁለቱ ለሐኪሙ ታዘዝሁ። እናቴ ግን እስከ ዛሬ ድረስ «ወጌሻው ቢያሸው ኖሮ በሳምንቱ ትነሣ ነበር» ማለቷን አልተወችም።

የአውሮፕላኑን ትኬት የገዛችልኝ ሎስ አንጀለስ የምትኖረው ታላቅ እኅቴ ናት፤ በመምህር ደመወዝ እንዲህ ያለ መንገድ እንደማይታሰብ አንባቢ ሳይነገረው ያውቃል። ሐኪሙ ከሦስት ሳምንት በኋላ መሄድ እንደምችል ስለ ፈቀደልኝ፣ ሁለት ክራንች በብብቴ ይዤ ተሳፈርሁ። እዚያ ስደርስ ለካ እኅቴ ሌላም ትኬት ገዝታ ኖሯል። ዘጠኝ ዓመት ለሞላው ልጇ «አጎትህ ሲመጣ አብራችሁ ዲዝኒላንድ ትሄዳላችሁ» ብላ ቃል ገብታለት፣ ቀኑም ተቈርጦ፣ ገንዘቡም ተከፍሎ አልቋል።

«እትዬ፣ እኔን ተዉኝ፤ እናንተ ሄዳችሁ ተጫወቱ» አልኋት።

«ዝም በል አንተ! ዊልቸር እንከራይልሃለን» አለችኝ።

እውነቱን ልናገርና፣ ዊልቸር የሚለውን ቃል ስሰማ ፊቴ ጋለ። ክራንች መያዝ ምንም አይደል፤ ክራንች የያዘ ጐልማሳ ኳስ ሲጫወት የተሰበረ ጀግና ነው ይባላል። ተሽከርካሪ ወንበር ላይ መቀመጥ ግን በእኛ ዘንድ ሌላ ነገር ነው። ሰው ሲያይ ከንፈሩን ይመጣል፤ «ምን ያለ ለጋ ልጅ ነበር!» እያለ በሕይወት ያለውን ሰው «ነበር» ይለዋል። እርግጥ ነው፣ በዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጦ አንገቱን ያልደፋ ሰው አገራችን አታጣም። አበበ ቢቂላ በ1969 በደረሰበት የመኪና አደጋ እግሮቹ ከከዱት በኋላ፣ በእንግሊዝ አገር ስቶክ ማንድቪል በሚባለው ሆስፒታል ታክሞ፣ በ1970 እዚያው በተደረገው የአካል ጉዳተኞች ውድድር በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳድሯል፤ በ1971ም ኖርዌይ ሄዶ በበረዶ ላይ መንሸራተቻ እሽቅድምድም አሸንፏል። ይህን ለተማሪዎቼ ብዙ ጊዜ አውርቼላቸዋለሁ። በራስ ላይ ሲደርስ ግን ወሬውና ኑሮው አልገጥም አሉኝ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለባቸው በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ያዳነኝ የእኅቴ ባል ነው። «ሃያ ዓመት ሙሉ ታክሲ ነድቻለሁ፤ አንተን መንዳት ያቅተኛል?» አለና ክርክሩን ቈረጠው።

ዲዝኒላንድ ከሎስ አንጀለስ መካከል ወደ ደቡብ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በአናሃይም ከተማ ውስጥ ያለ የመዝናኛ ፓርክ ነው። የሥዕል ፊልም በመሥራት ስሙ የገነነው ዋልት ዲዝኒ 65 ሔክታር ያህል የብርቱካን እርሻ ገዛ፤ በእኛ የድሮ አለካክ ከአንድ ጋሻ ተኩል ይበልጣል። ሥራው በሐምሌ ወር 1954 ተጀምሮ፣ 17 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቶ፣ በዓመቱ ሐምሌ 17 ቀን 1955 በሩ ተከፈተ። የመጀመሪያዋ ቀን ያለ ችግር አላለፈችም። የቧንቧ ሠራተኞች አድማ መትተው ስለ ነበር የሚጠጣ ውሃ በበቂ አልተገኘም፤ ሐሰተኛ ትኬት የያዘው ሰው ብዛት ግቢውን አጨናነቀው፤ ገና ያልደረቀው አስፋልት ደግሞ በፀሐዩ ግለት ቀልጦ የሴቶቹን ተረከዝ ይዞ አስቀረ። እንግዲህ በአንድ እግር መንገላታትን በዚያ ግቢ የጀመርሁት እኔ አይደለሁም ማለት ነው። በ1959 አሜሪካን የጐበኘው የሶቪየት ኅብረት መሪ ክሩሽቼቭም ይህን ቦታ ለማየት ጓጉቶ፣ ለደኅንነቱ ያሰጋል ተብሎ ተከልክሎ ተቈጥቷል። ያን ያህል ሠራዊት የነበረው ሰው ያልገባበትን በር እኔ በአንድ እግሬ አለፍሁት።

ወንበሩን የተከራየነው እዚያው ከመግቢያው አጠገብ ነው። ፊዚክስ አስተማሪ ስለ ሆንሁ ዕቃ ሳይ መጀመሪያ የማየው አሠራሩን ነው። ተከፍቶ ወንበር፣ ታጥፎ ሻንጣ የሚያህለው ተሽከርካሪ ወንበር የተፈለሰፈው በዚሁ በሎስ አንጀለስ፣ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበር። ፈልሳፊዎቹ ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ኤቨረስት የሚባል በማዕድን ጉድጓድ አደጋ ወገቡ የተጐዳ መሐንዲስ ሲሆን፣ ሁለተኛው ጄኒንግስ የሚባለው መሐንዲስ ጓደኛው ነው። ከመቀመጫው በታች ሁለቱን ጐን የሚያያይዙት ብረቶች እንደ መቀስ ተጠላልፈው ስለሚሠሩ፣ መቀመጫውን ወደ ላይ ሲስቡት ሁለቱ ጐማዎች ይቀራረባሉ። ከዚያ በፊት የነበረው ወንበር ከባድ ነበር፤ በመኪና ይዞ መሄድም የማይታሰብ ነው። በሽተኛው ራሱ መሐንዲስ ሆኖ መገኘቱ ለዓለም ምን ያህል እንደ ጠቀመ እያሰብሁ ተቀመጥሁበት።

በተቀመጥሁ በአምስት ደቂቃ ውስጥ የማላውቀው ዓለም ተገለጠልኝ። ዐይኔ የሰው ቀበቶና የሴት ቦርሳ ከሚደርስበት ከፍታ ላይ ሆነ። አይስ ክሬም የያዘ ሕፃን ሁሉ እኩያዬ ሆነ፤ ትልልቆቹ ግን ከራሴ በላይ ይነጋገራሉ። ዋናው ጐዳና ላይ ፈረስ የሚስበው የጥንት ትራም የሚሄድበት ሐዲድ ተዘርግቷል። ጋሼ በታክሲ ልማዱ ሐዲዱን ይዞ ቀጥ ብሎ ሲነዳ፣ የፊተኛው ትንሽ ጐማ ከስንጥቁ ገብቶ ልወድቅ ትንሽ ቀረኝ። ሐዲድን በጐማ የሚሻገር ሰው አግድሞ ማለፍ እንዳለበት ብስክሌት የነዳ ሁሉ ያውቀዋል፤ ጋሼ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው ያወቀው። የእኅቴ ልጅ «አጎቴ፣ እኔም ልንዳ?» ቢል በአንድ ቃል ከለከልነው።

አንዲት ደግ መልክ ያላት ፈረንጅ ቤተሰቧን አስከትላ ስታልፍ ቆም አለችና፣ እኔን በሐዘኔታ አይታ ስታበቃ ጋሼን «ምን ሆኖ ነው?» ብላ ጠየቀችው።

«እሱኑ ጠይቂው እንጂ፤ የተሰበረው እግሩ ነው፤ አፉ ደኅና ነው» አላት።

ሴትዮዋ ደንግጣ ይቅርታ ጠየቀችኝ፤ እኔም አስቄ ሸኘኋት። ሳቁ ግን ከጕሮሮዬ አላለፈም። አንድ ሰው ስለ ሌላው ሰው በፊቱ ሦስተኛውን ሲጠይቅ ስንት ጊዜ አይቻለሁ! እኔም ራሴ ስንት ጊዜ አድርጌዋለሁ!

ልጁ ከቤት ሲነሣ አንድ ተስፋ ሰንቆ ነበር። ዊልቸር ያለው ሰው ወረፋ አይጠብቅም፤ ስለዚህ አጎቴን ይዘን ቀድመን እንገባለን ብሎ አስቧል። ይህ ወሬ በየቦታው ይነገራል፤ ዳሩ ግን እውነቱ እንዲህ አይደለም። ዘግይተው የተሠሩት መጫወቻዎች የሰልፍ መንገዳቸው ለጐማ በሚበቃ ስፋት ስለ ተሠራ፣ ባለ ወንበሩም እንደ ማንም ሰው ተሰልፎ ይገባል። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ የተሠሩትና መንገዳቸው ጠባብ ወይም ደረጃ የበዛበት ደግሞ፣ ሠራተኛው የወረፋውን ርዝመት ገምቶ «በዚህ ሰዓት ተመለሱ» ብሎ ቀጠሮ ይሰጣል። ጥበቃው ያው ጥበቃ ነው፤ ልዩነቱ ጥላ ሥር ሆኖ መጠበቁ ነው።

እንዲህ የጠነከረበትም ምክንያት አለው። በ2013 በፍሎሪዳ ስላለው የዲዝኒ ፓርክ አንድ አሳፋሪ ወሬ በጋዜጦች ወጣ። ገንዘብ የተረፋቸው ቤተሰቦች ወረፋ ለመዝለል ሲሉ አካል ጉዳተኛ ሰው በሰዓት ሒሳብ እየቀጠሩ «ዘመዳችን ነው» ይሉ ነበር ተባለ። በዚያው ዓመት የቀድሞው የፈቃድ ወረቀት ቀርቶ የቀጠሮው ሥርዓት ተተካ፤ በ2024 ደግሞ ያ ልዩ ፈቃድ እንደ ኦቲዝም ባለ የአእምሮ ዕድገት ችግር ምክንያት በተራ ሰልፍ መቆም ለማይችሉ እንዲሆን ተወሰነ። እግሩ የታመመ ወንበሩን ይዞ ይሰለፍ ነው ነገሩ። ይህ ያስከፋቸው ብዙዎች ናቸው። እኔ በበኩሌ ለአንድ ቀን እንግዳ የሆንሁ ሰው ስለ ሆንሁ ለመፍረድ አልደፍርም፤ ነገር ግን የሌላውን ሰው ሽባነት በሰዓት ተከራይቶ የሚያልፍ ሀብታም ካለ፣ የእርሱን ዕዳ የሚከፍለው ሁልጊዜ እውነተኛው በሽተኛ መሆኑ አልገረመኝም።

መጫወቻዎቹ ለእንደ እኔ ያለው በሦስት ይከፈላሉ። በአንዳንዱ ከወንበርህ ሳትነሣ ከነጐማህ ትገባለህ። በብዙው ከወንበርህ ተነሥተህ ወደ መጫወቻው መቀመጫ መዛወር አለብህ፤ ሠራተኞቹ ሰው ማንሣት ስለማይፈቀድላቸው የሚደግፍህን ዘመድ ይዘህ መምጣት የአንተ ፋንታ ነው። በሦስተኛው ዐይነት ደግሞ መሣሪያው መንገድ ላይ ቢቆም በእግርህ ደረጃ ወርደህ መውጣት መቻል ይኖርብሃል። በሩ ላይ ይህን ሁሉ የሚያመለክቱ ምልክቶች ተሥለዋል።

ከነወንበሬ የገባሁበት «ትንሽ ዓለም» የሚባለው ነው። በ1964 ለኒው ዮርክ የዓለም ትርኢት ተሠርቶ፣ ትርኢቱ ሲያልቅ በ1966 ወደ ዲዝኒላንድ ተዛወረ። በውሃ ላይ በጀልባ እየተጓዙ የየአገሩን ልብስ የለበሱ አሻንጉሊቶች ሲዘፍኑ ማየት ነው፤ ዘፈኑ አንድ ብቻ ስለ ሆነ ከወጡም በኋላ እስከ ማታ ከጆሮ አይወጣም። ለዊልቸር የተዘጋጀችው ጀልባ መድረሻዋ ሲደርስ ተዳፋት መውጫ፣ ራምፕ የሚሉት፣ ተዘርግቶ ወንበሩ ተገፍቶ ይገባባታል። ጋሼ ከገባን በኋላ «እዚህ ውስጥ ብንቀርሳ?» ብሎ ሊያስፈራራኝ ሞከረ። ቀልዱ መሠረት አለው። በ2009 አንድ ባለ ተሽከርካሪ ወንበር ሰው መሣሪያው ተበላሽቶ ሌሎቹ በእግራቸው ሲወጡ፣ እርሱ ከግማሽ ሰዓት በላይ እዚያው ጀልባው ላይ ቀርቶ፣ ፍርድ ቤት ከስሶ በ2013 የ8,000 ዶላር ካሣ ተፈርዶለታል። ዘፈኑም እስከዚያ ድረስ አላቋረጠም ነበር ይባላል።

ማተርሆርን የተባለው፣ በስዊስ አገር ያለውን ተራራ አስመስለው የሠሩት፣ ለእኔ የሚሆን አልነበረም። በ1959 ሲከፈት በብረት ቱቦ ሐዲድ ላይ የሚሮጥ የመጀመሪያው ሮለር ኮስተር ነበር። ከእንጨት በተሠራ ሐዲድ ላይ ይሄዱ የነበሩት የቀድሞዎቹ ሹል መታጠፊያ አይችሉም ነበር፤ ቱቦ ግን እንደ ፈለጉ ይጠመዘዛል፤ ጐማውም ከላይ ብቻ ሳይሆን ከጐንና ከሥር ሆኖ ሐዲዱን ስለሚይዝ ጋሪው አይዘልም። አባትና ልጅ ሲገቡ ቦርሳና ኮፍያ ታቅፌ ታች ቀረሁ። ፀሐዩ ከረረ። ጀሶ ውስጥ ያለ እግር ሲያሳክክ ምን እንደሚመስል የማያውቅ ሰው የታደለ ነው። የእኅቴን የሹራብ መሥሪያ ብረት ሰርቄ መምጣቴን እዚህ ላይ ብናዘዝ ሐኪሜ ይህን መጽሔት እንዳያነብ እሰጋለሁ።

እንዲህ ጀሶዬን እየጐረጐርሁ ሳለ «ምነው ልጄ፣ ምን አገኘህ?» የሚል አማርኛ ከወደ ኋላዬ ሰማሁ። ዞር ብል ነጭ ሻሽ ያሰሩ አንዲት እናት፣ እርሳቸውም እንደ እኔ የልጅ ልጆቻቸውን ቦርሳ ታቅፈው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

«ኳስ ስጫወት ነው፣ እማማ፤ ይድናል» አልኋቸው።

«ተመስገን! እኔማ የዘላለም መስሎኝ አንጀቴን በላኸው» አሉና ከቦርሳቸው ቆሎ አውጥተው በእጄ ዘገኑልኝ። «እግዜር ይማርህ» ብለው ሲመርቁኝ ደስ አለኝ። ኋላ ግን ንግግራቸው ተመልሶ መጣብኝ። የዘላለም ቢሆን ኖሮስ? ሴትዮዋ ክፋት የላቸውም፤ እኔም ወዲያው «ይድናል» ብዬ የመለስሁላቸው ከእነዚያ ከማይድኑት ወገን እንዳልቈጠር ፈጥኜ መሆኑ ነው።

ከዚያ ወደ ባሕር ሰርጓጅ መርከቦቹ ሄድን። እነዚህም ከ1959 ጀምሮ የነበሩ ሲሆኑ፣ በ2007 በአዲስ ታሪክ ተሠርተው በዓሣው በኒሞ ስም ተሰይመዋል። ወደ መርከቡ ሆድ የሚያስገባው መሰላል ጠባብና የተጠማዘዘ ስለ ሆነ በጀሶ አይሞከርም። ሠራተኛዋ በትሕትና ወደ ጐን ወዳለች ክፍል መራችኝ። ጨለም ያለች፣ ቀዝቃዛ ክፍል ናት፤ ከፊት ለፊት መጋረጃ ላይ በመርከቡ መስኮት የሚታየው ሁሉ ይታያል። ዓሣው፣ ዛጐሉ፣ የሚፈነዳው የባሕር እሳተ ገሞራ አንዱም አልቀረም። አብረውኝ አንድ በወንበር ላይ ያሉ ፈረንጅ ሽማግሌ ነበሩ። ሲያልቅ ወደ እኔ ዞረው «ደኅና ነው፤ ግን ልጆቹ ሲጮኹ አይሰማም» አሉኝ።

አንዲት የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ አለችኝ። በሕፃንነቷ በያዛት ሕመም ምክንያት ግራ እግሯ ስለማይታዘዝላት በሁለት ክራንች ትሄዳለች። የፊዚክስ ቤተ ሙከራችን ያለው ፎቅ ላይ ነው። ዓመቱን ሙሉ ክፍሉ ለሙከራ ሲወጣ እኔ እርሷን «አንቺ አትድከሚ፤ እዚሁ ሆነሽ ማስታወሻውን ገልብጪ» እላት ነበር። ይህንንም የምለው ከልቤ አዝኜላት ነው። እርሷም «እሺ ቲቸር» ብላ ትቀመጣለች። በፈተና ላይ ስለ ኤሌክትሪክ የሚመጣውን ጥያቄ ከማንም አሳንሳ አትመልስም፤ ስለዚህ የቀረባት ነገር ያለ አልመሰለኝም። ነገር ግን ሽቦው ከባትሪው ሲገናኝ አምፖሉ የሚበራባትን ቅጽበት፣ ልጆቹም የሚጮኹባትን ጩኸት እርሷ ከታች ሆና በጣራው በኩል ነበር የምትሰማው። ለእኔ ባላውቀው አገር፣ ለጨዋታ በመጣሁበት ቦታ፣ ቢያንስ ክፍልና መጋረጃ ተዘጋጅቶልኛል። እኔ ለእርሷ ያዘጋጀሁላት ባዶ ክፍልና ጠመኔ የተጻፈበት ሰሌዳ ነው።

ጋሼና ልጁ ወጥተው ሲያገኙኝ ፀጥ ማለቴን አይተው እግሬ ያመመኝ መሰላቸው።

ያ ሁሉ ራምፕና ሰፊ በር በአሜሪካኖች ቸርነት ብቻ የመጣ እንዳይመስላችሁ። ዲዝኒላንድ ሲከፈት እንዲህ ያለ ሕግ አልነበረም። ፓርኩ ሊከፈት ሦስት ወር ሲቀረው፣ በሚያዝያ 1955፣ የሶልክ የፖሊዮ ክትባት መሥራቱ ለዓለም ተነገረ፤ ከዚያ በፊት በየበጋው ብዙ ሺህ ሕፃናትን ያሽመደምድ የነበረው በሽታ ኃይሉ ተሰበረ። ቀድመው የተሽመደመዱት ሕፃናት ግን አድገው ዩኒቨርሲቲ ሊገቡ በሩን አንኳኩ። ከእነርሱ አንዱ ኤድ ሮበርትስ ሌሊቱን በብረት ሳንባ ውስጥ እየተኛ በ1962 በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ገባ። በ1973 መንግሥት ገንዘብ የሚሰጠው ተቋም ሁሉ አካል ጉዳተኛን እንዳያገልል የሚል ሕግ ወጣ፤ ደንቡ ግን ሳይፈረም አራት ዓመት ተኛ። በ1977 በሚያዝያ ወር ከመቶ የሚበልጡ አካል ጉዳተኞች፣ ጁዲ ሂዩማን ከመሪዎቻቸው አንዷ ሆና፣ ሳን ፍራንሲስኮ ያለውን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ገብተው አንወጣም አሉ። መድኃኒታቸውንና አስታማሚያቸውን ትተው ከሦስት ሳምንት በላይ ወለል ላይ ተኙ። ደንቡ ተፈረመ። በመጋቢት 1990 ደግሞ ስድሳ ያህል ሰዎች በዋሽንግተን ከሕግ መወሰኛው ሕንፃ ፊት ወንበራቸውንና ክራንቻቸውን ጥለው ረጅሙን የደንጊያ ደረጃ በሆዳቸው እየተሳቡ ወጡ፤ ከእነርሱ መካከል የ8 ዓመት ልጅ ነበረች። በዚያው ዓመት ሐምሌ 26 ቀን ፕሬዚዳንት ቡሽ፣ ማለት ትልቁ፣ አጠቃላዩን ሕግ ፈረሙ። ከዚህ የተነሣ ነው ሱቁም ሲኒማውም ዲዝኒላንድም ለጐማ በር ያበጀው። የራምፕ ዳገት በአሥራ ሁለት ሜትር ርዝመት ከአንድ ሜትር በላይ እንዳይነሣ፣ የበር ስፋት ከ81 ሳንቲ ሜትር እንዳያንስ ተብሎ እስከ ልኩ ተጽፏል።

በእኛም አገር ሕግ አልታጣም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ሁሉ በወንበር ለሚሄዱም፣ መራመድ ችለው ደረጃ መውጣት ለማይችሉም የሚሆን መግቢያ እንዲኖረው ደንግጓል። አንባቢ በሚሠራበት መሥሪያ ቤት ደጃፍ ያለውን ደረጃ ነገ ጧት ሲገባ ይቍጠረው።

በዚያው አገር ከሎስ አንጀለስ ሩቅ፣ በቴክሳስ ግዛት በሳን አንቶኒዮ ከተማ፣ ሞርጋንስ ወንደርላንድ የሚባል ሌላ ፓርክ በ2010 ተከፍቷል። አባትዬው አካል ጉዳተኛ የሆነች ልጁን ሌሎቹ ሕፃናት በመዋኛ ሲርቋት አይቶ ነው ያሠራው። ወንበሩ ከነሰውዬው የሚወጣበት ዥዋዥዌ አለው፤ በ2017 በተጨመረው የውሃ መጫወቻ ደግሞ ባትሪ በውሃ ስለሚበላሽ በታመቀ አየር ኃይል የሚሄድ ወንበር ይሰጣል። አካል ጉዳተኛ በነፃ ይገባል። ይህን የሰማሁት ከእኅቴ ልጅ ነው፤ ማታ ስንመለስ መኪና ውስጥ ሆኖ በስልኩ ሲፈልግልኝ አምሽቶ። «አጎቴ፣ የሚቀጥለው ዓመት እዚያ እንሂድ፤ ግን እግርህ እንዳይድን» አለኝ።

መስከረም ላይ ጀሶው ተፈትቶ፣ ትንሽ እያነከስሁ፣ ትምህርት ቤት ተመለስሁ። መጀመሪያ ያደረግሁት ሜትር ይዞ ደረጃውን መለካት ነው። ሃያ እርከን ነው፤ እያንዳንዱ 17 ሳንቲ ሜትር፣ በጠቅላላው 3 ሜትር ከ40። በአሥራ ሁለት ሲባዛ 41 ሜትር ያህል ራምፕ ይፈልጋል፤ ይህም አጥሩን አልፎ ከጐረቤት ቡና ቤት ይገባል። ርእሰ መምህሩ ሒሳቡን አይተው «ለሳሙና እንኳ በጀት የለም» አሉኝ። ስለዚህ ደረጃውን ትቼ ቤተ ሙከራውን ማውረድ አሰብሁ። ምድር ቤት የተሰባበሩ ወንበሮች የሚከማቹበት አንድ ክፍል አለ። ንብረት ክፍሉን ለማሳመን ሦስት ሳምንት፣ ሁለት ደብዳቤና አንድ ማኅተም ፈጀ።

ለተማሪዋ ነገሩን ስነግራት አመሰገነችኝ። ከዚያ ቆይታ፣ ወደ መሬት እያየች፣ «ቲቸር፣ እዚያም እኮ ደጃፉ ላይ ሁለት ደረጃ አለ» አለችኝ።

ሄጄ አየሁ፤ አለ። ዓመት ሙሉ ሳልፈው አላየሁትም ነበር። 30 ሳንቲ ሜትር ነው፤ 3 ሜትር ከ60 ጣውላ ይበቃዋል። እኔና የእንጨት ሥራ መምህሩ አንድ ቅዳሜ ውለን መታነው። ሰኞ ጧት እርሷ ወጥታ ወርዳ ሞከረችውና ጫፉ ላይ ቆመች።

«እንዴት ነው?» አልኋት።

«ያንሸራትታል» አለች።

ከሰዓት በኋላ ቀጫጭን እንጨት እየሰነጠቅን አግድም ስንቸነክርበት፣ እርሷ ከአጠገባችን ቆማ በየስንት ስንዝሩ መሆን እንዳለበት በክራንቿ ጫፍ ታመለክተን ነበር።